ጥቆማ፦ ለሳይክል ነጂ ወንድሜ ከ1,500 ብር የማይበልጥ ስጦታ

እህቱ ነኝ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ ባህር ዳር ነው የሚሠራው። ቢሮ የሚመላለሰው በሳይክል ነው። ለገና ትንሽ ነገር ልልክለት ፈልጌ ነበር። በጀቴ 1,500 ብር ነው። ስለ ሳይክል የማውቀው ሁለት ጎማ እንዳለው ብቻ ነው። ጓንት፣ የውሃ መያዣ ወይም መብራት አስቤያለሁ። የቱ ይሻላል? አዲስ አበባ ከየት ልግዛ?

የጣና ልጅ፦ ለባህር ዳር ልጅ ከአዲስ አበባ የሳይክል ዕቃ? ለአፋር ጨው መላክ ነው እኮ! እዚህ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የማይገኝ ነገር የለም። ብሩን በቴሌብር ላኪለት፣ ራሱ ይግዛ።

ዝም አልልም፦ ብር ከላከችለትማ ሥጋ ነው የሚገዛበት። በዓል ነው።

ፔዳል፦ መብራት ግዢ። ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ፣ ጥንዱን። በስልክ ቻርጀር የሚሞላውን ምረጪ። በትንንሿ ክብ ባትሪ የሚሠራው ይረክሳል፤ ግን ባትሪው ሲያልቅ ማንም ሌላ አይገዛለትም፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጓንቱን ተይው። የእጁን ልክ አታውቂም፣ ባህር ዳር ደግሞ ሙቀት ነው።

ሸገር ላይ፦ የሳይክል ማሊያና ጥብቅ ያለው ቁምጣ አሪፍ ስጦታ ነው። ቦሌ አካባቢ አይቻለሁ።

ዝም አልልም፦ ልጁ ቢሮ ነው የሚሄደው ወይስ ቱር ደ ፍራንስ ውድድር? የውድድሩን አረንጓዴ ማሊያ እንደሆነ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. ወስዶታል።

እግረኛው፦ ምንም ግዢ፣ ቁልፍ ብቻ እንዳትገዢ። መርካቶ ከአንድ ሱቅ የቁጥር ቁልፍ ገዛሁ፣ ወፍራም ሽቦ ያለው። ሻጩ «ይሄ ቢሞቱ አይቆረጥም» ብሎኝ ነበር። ሳይክሌን ሕንፃ በር ላይ አስሬ ገባሁ። ስወጣ ቁልፉ መሬት ላይ ነው፣ ሳይክሉ የለም። ወፍራም የመሰለኝ ፕላስቲኩ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ልብስ ማስጫ ያክላል። በፒንሳ ነው የቆረጡት። ቁልፉን ይዤ ተመለስኩ። «ወንድሜ፣ ሌባው መቁረጫ ይዞ ከመጣ ቁልፉ ምን ያድርግ?» አለኝ። የስንት ጊዜ ቁጠባዬ ነበር!

ሸገር ላይ፦ የሱቁን ስም ተናገራ! ሰው ይጠንቀቅ።

እግረኛው፦ ስም አልጠራም። ጣጣ አልፈልግም።

የመርካቶ ልጅ፦ አንድ ሱቅ ሸወደህ ብለህ መርካቶን አታሰድብ። የኔ ደንበኛ አንድም ቀን አታሎኝ አያውቅም። እሱ ጋ ሂጂ እህቴ።

እግረኛው፦ ደንበኛህ ቁልፍ ይሸጣል?

የመርካቶ ልጅ፦ አይሸጥም። ቢሸጥ ግን ጥሩውን ነበር የሚሸጠው።

ፔዳል፦ 😂 ለማንኛውም የሽቦ ቁልፍ ለደቂቃ ሱቅ ለመግባት ነው። ከባድ ሰንሰለት ይሻላል። ጎማውን ብቻ ማሰርም ዋጋ የለውም። የፊት ጎማ በቀላሉ ይፈታል፣ ሌባው ጎማውን ትቶልሽ ቀሪውን ይዞ ይሄዳል።

የማርታ እናት፦ ይቅርታ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳይክል አሁን ስንት ገባ?

ሸገር ላይ፦ እኔ ብሆን ገንዘብ ጨምሬ የኤሌክትሪክ ስኩተር እገዛለት ነበር።

ዝም አልልም፦ በ1,500 ብር የስኩተሩን ደወል ትገዛለች።

ጋሽ ፖምፓ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽን የሰማ የለም መሰለኝ። በየቀኑ በሳይክል የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ የሚያስቀረው ጎማ ነው። ትንሽ ቦርሳ ውሰጂና ውስጧን ሙያት፦ መለጠፊያ ፓች፣ ማስቲሽ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ። ከተረፈሽ አንድ ትርፍ ካላማዳሪ (ጎማው ውስጥ ያለው የሚነፋው ላስቲክ) ጨምሪ። ከመግዛትሽ በፊት ግን የጎማውን ጎን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። 26 በ1.95 ዓይነት ቁጥር ተጽፎበታል፤ ካላማዳሪው ከሱ ጋር ካልገጠመ ከንቱ ነው። የሚነፋበትን አፍም እይው። እንደ መኪና ጎማ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ፖምፓ የምትገዢ ከሆነ ለሁለቱም የሚሆን አለ። የማስቲሹ ትንሿ ቱቦ ደግሞ አንዴ ከተከፈተች ትደርቃለች፣ ትንንሹን ሁለት ብትወስጂ ይሻላል። ወንድምሽንም ንገሪው፦ ማስቲሹን ቀብቶ ወዲያው አይለጥፍ። እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ይጠብቅ።

የጣና ልጅ፦ ጋሼ ይህ ሁሉ ለምን? እዚህ በየመንገዱ ጎሚስታ አለ።

ጋሽ ፖምፓ፦ ማታ ሦስት ሰዓት ላይም አለ?

የጣና ልጅ፦ የኔ ሰውዬ ቤቱ ድረስ ብትሄድ ይነሣል።

ፔዳል፦ ጋሽ ፖምፓ ልክ ናቸው። የካቴና፣ ማለትም የሳይክሉ ሰንሰለት፣ ዘይት ጨምሪበት። ዝገት ማስለቀቂያ የሚረጨውን ግን አይደለም። እሱ ያለውን ቅባት አጥቦ ይወስደዋል፣ ካቴናው ይደርቃል።

እህቱ ነኝ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼ እርስዎን። የጎማውን ፎቶ ላክልኝ አልኩት። «ሳይክሌን ልትሸጪው ነው?» አለኝ። እስካሁን አልላከም።

ዝም አልልም፦ በቃ ሰርፕራይዙ ተበላ። የውሃ መያዣ ግዢና ተገላገይ።

እግረኛው፦ የውሃ መያዣም ቢሆን ሳይክሉ ላይ ትቶት እንዳይገባ ንገሪው። የኔን ከነማቀፊያው ነው የወሰዱት።

ፔዳል፦ እህቱ፣ በመጨረሻ ምን ገዛሽ?

የማርታ እናት፦ የልጅ ሳይክል ዋጋ የሚያውቅ የለም ማለት ነው?

የመርካቶ ልጅ፦ የኔ ደንበኛ ጋ አለ። በውስጥ መስመር አናግሪኝ።