አበረታች ቅመም በቤዝቦል፦ ወርዋሪው ከመቺው በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ የአዘዞው መምህር
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት አስተምራለሁ። ስለ አበረታች ቅመሞች ሳስረዳ ምሳሌዎቼ ሁሉ ከሩጫ ስለነበሩ፣ አንድ ተማሪ «በቤዝቦል ጡንቻ የሚያስፈልገው ዱላ ለያዘው ነው፤ ኳስ ወርዋሪው ለምን ይወስዳል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጠው ደወል ተደወለ። ቅመሙ እንደ ተጫዋቹ ቦታ ጥቅሙና ጉዳቱ ይለያያል?

መልስ 1፦ ፋርማሲስት
መምህር፣ የመቺው ነገር ግልጽ ነው፤ አናቦሊክ ስቴሮይድ ጡንቻን ሲያዳብር ዱላው በጥቂቱ ይፈጥናል፣ አጥር ሥር ይወድቅ የነበረው ኳስም አጥሩን ተሻግሮ ሆም ራን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 70 ሆም ራን የመታው ማርክ ማግዋየር ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር በ2010 አምኗል።

ወርዋሪው በአብዛኛው የሚፈልገው ቶሎ ማገገምን ነው፤ በአንድ ጨዋታ 100 ጊዜ ያህል የወረወረ ክንድ የቀናት ዕረፍት ይሻልና። አንዲ ፔቲት የተባለው ወርዋሪ በ2002 የዕድገት ሆርሞን የወሰደው የክርኑ ጉዳት እንዲድንለት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። አደጋውም እዚያው ክንድ ላይ ነው፤ ጡንቻው በወራት ሲፈረጥም የክርን ጅማት በዚያው ፍጥነት ስለማይጠነክር፣ እያንዳንዱ ውርወራ ያንኑ ቀጭን ጅማት ይወጥረዋል።

መልስ 2፦ የቀድሞ ሯጭ
ኳስ ተቀባዩ እንዳይረሳ እለምናለሁ። ጨዋታውን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበል ሰው፣ ቡድኑ በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ሲያደርግ ጉልበቱ ምን እንደሚሆን አስቡት። ድካምን የሚሸሽገው አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ በአሜሪካው ዋና የቤዝቦል ሊግ ምርመራ አይካተትም ነበር። በመሀል ሜዳ ለሚሮጠው ተከላካይ ደግሞ ትርፍ ክብደት ሸክም ይሆንበታል። ገና የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው ሩሯን አርቆ የሚሰዳት ሁልጊዜ ክንደ ብርቱው አይደለም፤ ዓይንን የሚያሠለጥን ቅመም የለም።

የአዘዞው መምህር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክርኑን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳቸዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ግን ጠያቂው ልጅ 16 ዓመቱ ነው፤ ቦርሳው ውስጥም ስም ያልተጻፈበት የእንክብል ብልቃጥ አይቻለሁ።

ፋርማሲስት
እንግዲያው ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ከወላጆቹ ጋር ያነጋግሩት፣ ብልቃጡንም ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ስቴሮይድ ከሆነ የአጥንቶቹን ማደጊያ ያለ ጊዜው ስለሚዘጋ ቁመቱ ባለበት ሊቀር ይችላል፤ ይህ ደግሞ መድኃኒቱን በመተው አይመለስም።