ካርካኖ 6.5 ላይ የእርሳስ አረር በጎኑ ይመታል፤ የቱን ላስተካክል?

ባለካርካኖ፦
ሰላም ወገኖች። ጠመንጃው ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥተው አሜሪካ ከተሸጡት የጣሊያን ካርካኖ 1891 ረጅሞች አንዱ ነው፤ ጥይቱ 6.5 በ52። እርሳስ የማቀልጠው ለስዊድን 6.5 በተሠራ ሞልድ (የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ) ነው። አረሩ 140 ግሬን (9 ግራም ገደማ) ነው፣ መጠን ማውጫው 0.264 ኢንች ያወጣዋል፣ ቂጡ ላይ የመዳብ ቆብ አለው። እርሳሱ የድሮ የጎማ ሚዛን (መኪና ጎማ ላይ ሚዛን ለመጠበቅ የሚደረገው) ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 1,600 ጫማ አካባቢ። በ50 ያርድ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሞላላ ናቸው፤ ከአሥሩ አምስቱ ወረቀቱን ይስታሉ። ከጥይት ማደሪያው ቀጥሎ ባለው የአፈሙዝ (የቱቦው) ክፍል ብርማ የእርሳስ ግርፍ ይታያል። ባሩድ ልቀይር ወይስ እርሳሱን ላጠንክር?

እርሳስ_አቅላጭ፦
ወንድሜ፣ ባሩዱንም እርሳሱንም ለጊዜው ተዋቸው፤ አረርህ ቀጥኗል። ስሙ 6.5 ቢሆንም የካርካኖ ቦይ (አረሩን የሚያሾረው፣ አፈሙዙ ውስጥ የተቆፈረው መስመር) እንደሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች 0.264 አይደለም። በወጉ 0.268 ኢንች (6.8 ሚሊሜትር) ነው፤ ያረጀው ደግሞ ከዚያም ይሰፋል። 0.264 አረር ቦዩን አይሞላም። ትኩሱ ጋዝ በጎኑ ያልፋል፣ እርሳሱን እየላጠ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፣ አረሩም ቦዩን ስላልያዘ ሳይሾር ይወጣል። ግርፉ ከማደሪያው አጠገብ መጀመሩ ራሱ ምልክት ነው። የአረሩ ቅባት አንሶ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ ወደ አፉ ተጠግተህ ነበር የምታየው።

መጀመሪያ ልካው። አፈሙዙን አጽዳና ቀጭን ዘይት ቀባው። ከቦዩ ትንሽ የሚወፍር ንጹሕ (ያልተቀላቀለ) የእርሳስ ድብልብል አፉ ላይ አስቀምጠህ በእንጨት መዶሻ አስገባው፣ ከዚያ በናስ ዘንግ ግፋው። እዚህ ላይ ለካርካኖ ብቻ የሚሆን ጥንቃቄ አለ። የረጅሙ 1891 ቦይ ጥምዝ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ማደሪያው ጋ በ19 ኢንች አካባቢ አንዴ ይዞራል፣ አፉ ጋ ሲደርስ በ8 ኢንች አካባቢ። ድብልብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከነዳኸው ምልክቱ እየተፋቀ ሰፊ ይሆንና ያሳስትሃል። ስለዚህ ከአፉ 3 ሳንቲሜትር ብቻ አስገብተህ፣ መቀባበያውን አውጥተህ በማደሪያው በኩል በሰደድከው ዘንግ መልሰህ ግፋው። ሌላ ድብልብል ደግሞ ከማደሪያው በኩል እንዲሁ። ቦዩ አራት ስለሆነ ትይዩ የሆኑትን ጉብታዎች በማይክሮሜትር መለካት ቀላል ነው፤ በካሊፐር አትለካ፣ አንድ ሺኛ ኢንች እዚህ ሥራውን ያበላሻል።

ያገኘኸው ቁጥር ላይ ከ0.001 እስከ 0.002 ኢንች ጨምር። 0.268 ከሆነ አረርህ 0.269 ወይም 0.270 ይሁን። ለዚህ ጠመንጃ የተሠራ ሞልድ ያስፈልግሃል፤ የስዊድኑን በማስፋት አትድከም።

አሮጌውን እርሳስ ሳታወጣ አዲሱን አትሞክር። የንጹሕ መዳብ ማጠቢያ ክር ያረጀ ብሩሽ ላይ ጠምጥመህ እሸው። ክሩን በማግኔት ፈትነው፤ ከሳበው በመዳብ የተለበጠ ብረት ነውና አፈሙዙን ይቧጥጣል።

የሰም_ሽታ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ስለ ቅይጡ ልጨምር። የጎማ ሚዛን ካልህ ዚንክ መለየትህን አረጋግጥ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ ዚንክ በ419። የጎማ ሚዛን ስታቀልጥ ድስቱን ከ370 በታች ካቆየኸው ዚንኩ ሳይቀልጥ ይንሳፈፋል፣ ጨልፈህ ጣለው። ካለፈህ ቅልጡ እንደ ገንፎ ይሆናል፣ ሞልዱንም አይሞላም። የመኪና ባትሪ ሰሌዳ በፍጹም አታቅልጥ፤ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

በ5 ኪሎ የጎማ ሚዛን 100 ግራም ቆርቆሮ (ቲን ማለቴ ነው) ብትጨምር የአረሩ ጠርዞች ስል ሆነው ይወጣሉ። ስታፈስ ከ370 እስከ 400 ዲግሪ ይበቃል። የተጨማደደ አረር ሞልዱ ቀዝቅዟል ወይም ዘይት ነክቶታል ማለት ነው፤ እንደ አመዳይ የነጣ ደግሞ ሞልዱ ግሏል። ትንሽ ንጣት አይጎዳም፣ ቂጡ ያልሞላውን ግን መልሰህ አቅልጠው። አረር ዒላማውን የሚስተው ብዙ ጊዜ በአፍንጫው ጉድለት ሳይሆን በቂጡ ነው።

ውኃ ከቅልጡ አጠገብ አይኑር። አንዲት ጠብታ ከሥሩ ከገባች እንፋሎት ሆና እርሳሱን ፊትህ ላይ ትረጨዋለች። መነጽርና ጓንት አድርግ፣ አየር ባለበት ሥራ፣ ልጆች ካሉበት ኩሽና ራቅ፣ ከሥራ በኋላ ሳትታጠብ ምግብ አትንካ።

ባለካርካኖ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁት፤ በሁለቱም በኩል 0.268 ሆነ። ከአንድ ጓደኛ የካርካኖ ሞልድ ተውሼ 0.2695 አወጣሁ። ሞልቼ ሳልተኩስ በመዶሻ መንቀያ አንዱን አውጥቼ ብለካው 0.2665 ሆኗል! ምን በላው?

ናስና_ባሩድ፦
አንገቱ በላው። ለ0.264 አረር የተሠራ ዳይ (የተተኮሰ ቀለሃን ወደ ልኩ የሚመልስ መሣሪያ) የቀለሃውን አንገት አጥብቆ ያሳንሰዋል፤ በውስጡ የሚያልፈው ማስፊያ ዘንግም ለዚያው መጠን ነው። መዳብ የለበሰ አረር ናሱን ገፍቶ ያሰፋዋል፣ የእርሳስ አረር ግን ራሱ ይጨመቃል። ለ0.268 የተሞረደ ማስፊያ ግዛ፤ አፉ ላይ ደረጃ ያለውና አንገቱን በጥቂቱ ከፍቶ አረሩ ሳይላጥ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ዓይነት ይሁን። ካስቀመጥክ በኋላ የተከፈተውን ጠርዝ መልስ፣ አትጫነው። ከዚያ አንድ ነቅለህ ለካ፤ የገባው መጠን መውጣት አለበት።

አንድ ገደብ አለ። አረሩ ወፍሮ አንገቱ በማደሪያው ውስጥ መፈናፈኛ ካጣ ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ይወጣል። ተተኩሶ የወጣ፣ ዳይ ያልነካው ቀለሃ ውስጥ አረሩን በእጅህ ጣለው። ሳይገፋ ካልገባ ወይ አረሩን አሳንስ ወይ የአንገቱን ናስ አቅጥን። የሞላኸው ጥይት አንገት ከተተኮሰው ቢያንስ 0.002 ኢንች ያነሰ ይሁን።

የባሩዱን መጠን ከማንም ጽሑፍ አትቅዳ፣ ከእኔም ጭምር። ለዚህ ጥይትና ለእርሳስ አረር የወጣ የአምራች መመሪያ ፈልግና ከዝቅተኛው ጀምር። ለእርሳስ የሚመረጠው ፈጣን ባሩድ ከቀለሃው ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ሁለቴ ብትጨምር አይፈስም፤ ጠመንጃውን የሚበትነው ይህ ነው። ቀለሃዎቹን ማቆሚያ ላይ ደርድረህ አረር ከመግጠምህ በፊት እያንዳንዱን በባትሪ ብርሃን እይ። ቀርፋፋውን ባሩድ ደግሞ በራስህ ግምት አትቀንስ፣ ያለ ሥርዓት ይነዳል ወይም አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ትቶት ይቀራል። ድምፁ ከሳሳ አቁም፤ ዘንግ ሳትሰድ ሁለተኛ አትተኩስ። ከዚህ ሁሉ በፊት ጠመንጃ ሠሪ የማደሪያውን ጥልቀት በጌጅ ይለካልህ፣ ከመጋዘን የመጡት ብዙዎቹ መቀባበያቸው የሌላ ጠመንጃ ነው።

ለፍጥነት ከ1,400 እስከ 1,600 ጫማ በቂው ነው። ከዚያ በላይ አፉ ጋ ያለው ጥብቅ ጥምዝ እርሳሱን ይፈትነዋል።

እርሳስ_አቅላጭ፦
ይህን ለሚያነቡ ባለ አጭር ካርካኖዎች አንድ ነገር፦ 91/24 የተባለው ካራቢን ከረጅሙ ተቆርጦ የተሠራ ስለሆነ ጥብቁ የጥምዝ ጫፍ አብሮ ተቆርጧል። እዚያ ላይ መጠኑ ልክ ሆኖም ረጅም አረር በጎኑ ሊመታ ይችላል፤ መፍትሔው አጠር ያለና ቀለል ያለ አረር ነው።

ባለካርካኖ፣ አንድ በአንድ ስትተኩስ ጥይቱን ማደሪያው ውስጥ ጥለህ መቀባበያውን አትድፋበት፣ ጥፍሩ (ቀለሃ ጎትቶ የሚያወጣው) የቀለሃውን ከንፈር ዘሎ ለመያዝ ሲታገል ይሰበራል። ወይ ከንፈሩን ከጥፍሩ ሥር አስገብተህ ግፋው፣ ወይ ስድስት ጥይት በሚይዘው ክሊፕ ጫን። ክሊፑ ላይ ቢጠብቅ የአረሩ አፍንጫ የት እንደሚነካ ተመልከትና የማስቀመጫውን ጥልቀት በሩብ ዙር እየጨመርክ አስተካክል።