አስቸኳይ፦ ቱርቦ አስገጥሜ ሰማያዊ ጭስ በጭስ ሆነ

ሱሉልታ 4ኤ፦ ሰላም ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ከሱማሌ ተራ ያገለገለ የሃይሉክስ ዲዝል ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) ገዝቼ፣ የጭስ ማኒፎልድ አስበይጄ ትናንት ተገጠመ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሁለት ደቂቃ ሲቆይ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። እንጦጦን ስወጣ ደግሞ ሞተሩ ያንኳኳል። ነገ ጠዋት መኪናው ያስፈልገኛል።

የጀሞው፦ ፋሻ ነው፣ የፒስተኑ ቀለበት። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት ነው፣ ዘይት የሚያስበላ ደግሞ ፋሻ ነው። ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) አውርደህ አስቀይር።

የለገጣፎ ልጅ፦ ሞተሩ ምንድን ነው? የዘይት መመለሻውስ በየት በኩል ነው የገባው?

ሱሉልታ 4ኤ፦ ይቅርታ፣ ኮሮላ ነው፣ 4ኤ ኤፍኢ የሚባለው የ1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር። ቱርቦው ሳይገባ ጠብታ ጭስ አልነበረውም። መመለሻው የውሃ ጎማ ነው፣ በሞተሩ ተሸካሚ ብረት ስር ዞሮ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ወዳለው የዘይት ገንዳ) ይወጣል።

የለገጣፎ ልጅ፦ እንግዲያው ፋሻውን ተወው፤ ነገሩ ያለው «ስር ዞሮ ይወጣል» ያልከው ላይ ነው። ዘይት ወደ ቱርቦው የሚገባው በፓምፕ ግፊት ነው። ሲመለስ ግን የሚገፋው የለም፣ በክብደቱ ብቻ ነው የሚወርደው። ጎማው ወርዶ እንደገና ከወጣ ዘይት ይተኛበታል፣ የቱርቦው ሆድ ይሞላል፣ ከዚያ በዘንጉ ጫፍ ባሉት ቀለበቶች አልፎ ጭስ ማውጫ ውስጥ ይቃጠላል። እነዚያ ቀለበቶች እንደ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ዘይት አይዘጉም። ሚኒሞ ላይ የሚብሰው ዘይቱን መልሶ የሚገፋ ግፊት በተርባይኑ (ጭሱ በሚያዞረው ጎን) በኩል ስለሌለ ነው።

መመለሻው ውስጡ ከ14 እስከ 16 ሚሊሜትር ይሁን፣ ከቀጥታ ቁልቁለት ከ35 ዲግሪ በላይ አይዘንብል፣ ኮፓው ላይ የሚገባው ደግሞ ከዘይቱ ደረጃ በላይ ይሁን። የውሃ ጎማውን ጣለው፤ ዘይት ያሳብጠዋል፣ ውስጡም ይጠባል። የቱርቦውን ዘንግም በጣትህ ፈትሽ። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ ያለ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ወይም ምላጩ ቤቱን ከነካ ግን ብሮንዚናው (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) አልቋል፣ ቱርቦው ለሻጩ ይመለስ።

ቱሉ ዲምቱ፦ ወንድሜ፣ ለዚህ ሁሉ ድካም 1.8 ሞተር አይሻልህም ነበር? የቤንዚን ሞተር ላይ የዲዝል ቱርቦ ምን ይሠራል?

ጋሼ ቶርኖ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን የምንኖርበትን ከፍታ ረሳኸው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ግን 1.01። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 1.8ም ብታስገባ ያው ያጣል። 0.25 ባር ብቻ ብትጨምርለት ሞተሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ እንደቆመ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ የፋብሪካው ኢንጄክተርም የግፊት ሴንሰሩም ይበቃሉ። ከዚያ ሲያልፍ ሴንሰሩ ንባቡን ይጨርሳል፣ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር አያውቅም፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ፒስተን ይቀልጣል።

ልጄ፣ የሚያንኳኳብህም ከዚሁ ይመስለኛል። የዲዝል አክቹዌተር (የቱርቦውን ግፊት የሚገድበው) ስፕሪንግ ጠንካራ ነው፣ ከስፕሪንጉ በታች ደግሞ ግፊት መቀነስ አይቻልም። ጎሚስታ ጋር ሂድና የግፊት ሰዓት ባለው ፓምፕ ለአክቹዌተሩ ቀስ እያልክ አየር ስጠው፤ የራሱ ዘንግ በስንት ባር መንቀሳቀስ እንደሚጀምር እይ። 0.8 ወይም 1 ካለህ ለስላሳ አክቹዌተር ሳትገጥም ዳገት አትውጣ። ካንዴላውን በሙቀት ደረጃው አንድ እርከን ቀዝቃዛ በሆነ ቀይር፣ ክፍተቱን 0.7 ሚሊሜትር። ወደ አዳማ ስትወርድ ተጠንቀቅ፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሱሉልታ ላይ ልክ የነበረው ግፊት እዚያ ይበዛል።

የዲዝል ቱርቦ ብዙውን ጊዜ የሚበርደው በዘይት ብቻ ነው፣ የቤንዚን ጭስ ደግሞ ከዲዝሉ በጣም ይሞቃል። ከዳገት በኋላ ወዲያው አታጥፋ፤ ሁለት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ይቆይ፣ አለዚያ ዘይቱ የቱርቦው ዘንግ ላይ ይከስላል።

የጀሞው፦ እኔ አሁንም ፋሻ ነው እላለሁ። ኮምፕሬሽን ይለካ።

ዳዶ 14፦ ይለካ፣ ክፋት የለውም። ግን ከዚያ በፊት ከቴስታታው ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ የሚሄደውን የትንፋሽ ጎማ እዩለት። ቱርቦው ሲገፋ አየር በዚያ ወደ ኮፓው ይገባል፣ ኮፓው በግፊት ከተሞላ የዘይት መመለሻው ምንም ቢያምር ዘይት አይወርድም። እዚያ መስመር ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አስገባ። ሁለተኛውን ትንፋሽ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ፣ ከቱርቦው በፊት አገናኘው። የሱሉልታ አቧራ ፊልትሮውን ከደፈነውም ቱርቦው ዘይት ይስባል፣ እሱንም አውጥተህ እየው።

የአያት ሰፈር፦ ከዚህ ድረስ የሚታየው ጭስ ያንተ ነው እንዴ፣ እኛ ቡና ተፈልቶ መስሎን :) ለማንኛውም ፋሼታዎቹን (የጎማ ማሰሪያዎቹን) አጥብቅ።

ሱሉልታ 4ኤ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ሁላችሁንም። ኮፓውን ሳላወርድ ብበሳውስ? ጊዜ የለኝም።

ጋሼ ቶርኖ፦ እንዳታደርገው። የብረት ፍንጣሪው ውስጥ ይቀራል፣ ዘይት ባለበት ብየዳም እሳት ነው። አውርደው፣ በደንብ እጠበው፣ የዘይቱን ከፍታ በመለኪያው ዘንግ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ በላይ ብሳና የብረት ቱቦ አስበይድ። ሲበርድ ነጭ ጋዝ ሞልተህ አሳድረው፤ ብየዳው ካላፈሰሰ ሲሊኮን ቀብተህ ግጠም። ከማስነሳትህ በፊት የኢንጄክተሮቹን ሶኬት ነቅለህ በሞተሪኖው ብቻ አሥር አሥር ሰከንድ እያልክ አዙር፣ በመመለሻው በኩል ዘይት ሲፈስ እስክታይ። የነገውን መንገድ በሌላ መኪና ሂድ።