ፕላቲነሞቹን ስደምር 18 ሚሊዮን መጣብኝ፤ ባነሩ 10 ሰዓት ላይ ይታተማል፣ ድረሱልኝ

ቤዛ ዘሐዋሳ፣ 7፡10
ሰላም ዋላችሁ? አጣዳፊ ስለሆነ በቀጥታ ልግባ። ነገ ማታ ሐይቅ ዳር አንድ ካፌ ውስጥ የሙዚቃ ጥያቄና መልስ ምሽት አለን። የመጨረሻው ጥያቄ «ይህ አልበም በዓለም ላይ ስንት ቅጂ ተሸጠ?» የሚል ነው። መልሱ ትልቅ ባነር ላይ ታትሞ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይሰቀላል። ማታ ይገለጣል። ማተሚያ ቤቱ «ፋይሉ እስከ 10 ሰዓት ካልደረሰኝ ለነገ አላወጣልሽም» ብሎኛል።

አልበሙ በየሀገሩ ያገኘውን ፕላቲነም፣ ማለትም ብዙ ለተሸጠ አልበም የሚሰጠውን ሽልማት፣ ኤክሴል ላይ እንዲህ ደመርኩ። አሜሪካ 6 ፕላቲነም፣ እንግሊዝ 3፣ ካናዳ 5፣ ጀርመን 1፣ ፈረንሳይ 1፣ ጃፓን 1፣ አውሮፓ 1። 18 ፕላቲነም ማለት 18 ሚሊዮን ነው። ግን አንድ ቦታ 9 ሚሊዮን ይላል። ሌላ ቦታ 15 ይላል። የቱን ልጻፍ?

ሳሚ 07፣ 7፡14
ሴሎቹ «ቴክስት» ሆነው ይሆናል። ቀለም አስይዛቸውና ወደ «ነምበር» ቀይራቸው። የደመወዝ ሰንጠረዥ ስሠራ እኔም ላይ ደርሷል።

ማሂ አቶቴ፣ 7፡17
የቷ ካፌ ናት? አንድ ቡድን ስንት ሰው ነው? ዓሣ ጥብስ ካለ ቢሮዬን በሙሉ ይዤ ነው የምመጣው።

ቤዛ ዘሐዋሳ፣ 7፡19
ማሂዬ ማታ በውስጥ እጽፍልሻለሁ፣ በናትሽ አሁን ተይኝ። ሳሚ፣ እህትህ ነኝ። ሴሎቹ ደህና ናቸው። ድምሩም ልክ ነው። ያስጨነቀኝ ከሌሎቹ ጋር አለመግጠሙ ነው።

ጋሽ ካሴት፣ 7፡26
ልጄ፣ ከቁጥሩ በፊት «ተሸጠ» የሚለውን ቃል እንይ። በካሴት ዘመን እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። አዲስ ሥራ ሲወጣ አከፋፋዩ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይጭንልኛል። 300 ካሴት ከላከ ደብተሩ ላይ «300 ወጣ» ብሎ ይጽፋል። እኔ ግን ካርቶኑን ገና አልከፈትኩም። ከሁለት ወር በኋላ 120ውን መልሼ እልካለሁ። ታዲያ የተሸጠው 300 ነው ወይስ 180? አሳታሚው ለሰው ሲያወራ የትኛውን እንደሚጠራ አስቢው።

ፈረንጆቹም ጋ ነገሩ ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ የወርቅ ሽልማት መደበኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ፕላቲነም በ1976 መጣ። ለብዙ ዓመት ሲቆጠር የነበረው ወደ መደብር የተላከው፣ ተመላሹ ተቀንሶ ነው። ገዢው የወሰደው አይደለም። ሳውንድስካን የሚባለው ቆጣሪ የመጣው በ1991 ነው። እሱ በመደብሩ ገንዘብ መቀበያ ላይ በባርኮድ ይቆጥራል። ከዚያ በፊት ቢልቦርድ መጽሔት ወደ ሙዚቃ ቤቶች እየደወለ «ምን እየሄደ ነው?» ነበር የሚለው። ባለ ሱቁ ደግሞ የወደደውን ዘፋኝ ከፍ ያደርጋል። ይህን ስልሽ ሥራውን ስለማውቀው ነው።

ደግሞ ሳውንድስካን በፖስታ የሚሸጡትን የሙዚቃ ክለቦች አይቆጥርም ነበር። በ1990ዎቹ እነሱ ብዙ ሲዲ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሐቀኛ ሰዎች ለአንድ አልበም ሁለት ቁጥር ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። አንዱም አልዋሸም።

ሂሳብ ሹም፣ 7፡33
ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ግን የቤዛ ስህተት ሌላ ቦታ ነው። ፕላቲነም በየሀገሩ አንድ ዓይነት አይደለም! ሚሊዮን የሆነው አሜሪካ ብቻ ነው። እንግሊዝ 300,000 ነው። ለሌሎቹ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። አልበሙ መቼ ነው የወጣው? ማንስ ነው?

ቤዛ ዘሐዋሳ፣ 7፡36
ውይ! ይሄን አላወቅኩም ነበር። ስሙን አልናገርም፣ ተወዳዳሪዎቹ እዚህ አሉ። ማሂም አንዷ ናት። 1997 ነው የወጣው፣ በፈረንጅ።

ዮኒ ቴክ፣ 7፡38
ቀላል ነው። ሴሎቹን «ነምበር» አድርጊያቸው፣ ይስተካከላል።

ሂሳብ ሹም፣ 7፡47
1997 ከሆነ ተጠንቀቂ። የዛሬውን መስፈሪያ ድረ ገጽ ላይ አይተሽ እንዳታባዢ። መስፈሪያው ከዓመት ዓመት ወርዷል። ሲዲ መሸጥ ሲከብድ ሀገሮቹ ፕላቲነሙን ዝቅ አደረጉት።

ጀርመን በዚያን ጊዜ አንድ ፕላቲነም 500,000 ነበር። በ1999 ወደ 300,000 ወረደ፣ በ2003 ወደ 200,000፣ በ2023 ደግሞ ወደ 150,000። ፈረንሳይ 300,000 ነበር፣ ዛሬ 100,000 ነው። ካናዳ 100,000 ነበር። ከ2008 ወዲህ 80,000 ነው። ጃፓን ያኔ ለውጭ ሀገር አልበም 200,000 ትጠይቅ ነበር። በ2003 ለሀገር ውስጡም ለውጩም 250,000 አደረገችው። እንግሊዝ በ300,000 ጸንታለች።

አሁን አባዢ። አሜሪካ 6 ሚሊዮን። እንግሊዝ 900,000። ካናዳ 500,000። ጀርመን 500,000። ፈረንሳይ 300,000። ጃፓን 200,000። ድምር 8.4 ሚሊዮን። በዛሬው መስፈሪያ ብታሰይው 7.8 ሚሊዮን ይመጣ ነበር። 600,000 ቅጂ በአየር ላይ ይጠፋብሻል።

ቤዛ ዘሐዋሳ፣ 7፡50
እግዜር ይስጥህ! ግን አውሮፓን ረሳኸው። እሱ 1 ሚሊዮን ነው ይላል። ሲጨመር 9.4 አይሆንም?

ሂሳብ ሹም፣ 7፡53
አልረሳሁትም። «ፕላቲነም አውሮፓ» በ1996 የተጀመረ ሽልማት ነው፣ በመላው አውሮፓ 1 ሚሊዮን ለሸጠ። የእንግሊዙም የጀርመኑም የፈረንሳዩም ቅጂ እዚያው ውስጥ አለ። ያንቺ ሦስቱ ብቻቸውን 1.7 ሚሊዮን ይሆናሉ። የአውሮፓውን መጨመር የቤተሰቡን ልጆች አንድ በአንድ ቆጥረሽ፣ ከዚያ «ቤተሰቡን» እንደገና መደመር ነው።

ታቦር ላይ፣ 7፡58
ይቅርታ፣ ጥያቄው ራሱ አይዋጥልኝም። በዚህ ዘመን «ስንት ቅጂ» ምን ማለት ነው? ሲዲ የሚገዛ ማን አለ? የእኛው ልጅ አቤል ተስፋዬ በ2020 «አፍተር አወርስ»ን ሲያወጣ በአሜሪካ በመጀመሪያው ሳምንት 444,000 ተባለ። በአልበምነቱ የተገዛው ግን 275,000 ነው። የቀረው በአብዛኛው ከስትሪም፣ ማለትም በኢንተርኔት ከተደመጠው፣ ተሰልቶ የመጣ ነው። የአሜሪካው ሽልማት ሰጪ ማኅበር ከ2016 ወዲህ 1,500 ስትሪምን እንደ አንድ አልበም ይቆጥራል። አሥር ዘፈን በተናጠል ከተገዛም አንድ አልበም ነው። ስለዚህ የድሮውንና የአሁኑን አንድ ባነር ላይ ማስቀመጥ በግና ፍየልን በአንድ መደብ መሸጥ ነው። ጥያቄውን ቀይሪው።

ቤዛ ዘሐዋሳ፣ 8፡01
ወንድሜ፣ ያለኝ አንድ አልበም ነው። ሁለት ዘመን አላወዳደርኩም። ጥያቄው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ለዳኞቹ ተልኳል። ቁጥር ነው የምፈልገው።

ታቦር ላይ፣ 8፡03
እሺ። ግን የድሮ አልበምም ስትሪም ይጨመርለታል። የአሜሪካው ባንድ የ«ኢግልስ» ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ በ2006 በአሜሪካ 29 ፕላቲነም ነበር። በ2018 እንደገና ሲቆጠር 38 ሆነ። በአንድ ቀን ዘጠኝ ሚሊዮን አልተሸጠም። ለዓመታት ሳይቆጠር ቆይቶ ነው፣ ስትሪሙም ገብቶበት። ያንቺ 6 ፕላቲነም የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

ቤዛ ዘሐዋሳ፣ 8፡06
1999 ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ሂሳብ ሹም፣ 8፡11
ታቦር በጣም ጥሩ ጠየቅክ። እኔ ይህን መጠየቅ ነበረብኝ። አሜሪካ ውስጥ ሽልማቱ በራሱ አይመጣም። አሳታሚው ጠይቆ፣ ከፍሎ፣ ሂሳቡ ተመርምሮለት ነው። ካልጠየቀ ሃያ ዓመት ቢሸጥም ወረቀቱ እዚያው 6 ላይ ይቆማል። እንግሊዞች ከ2013 ጀምሮ ሳይጠየቁ በራሳቸው ጊዜ ይሰጣሉ። ስለዚህ የአሜሪካው ቁጥር ወለል ነው፣ ጣሪያ አይደለም።

ጣሪያውንም እንፈልግ። ስድስቱም ሀገር ቀጣዩን ፕላቲነም አልደረሱም እንበል። አሜሪካ ከ7 ሚሊዮን በታች፣ እንግሊዝ ከ1.2፣ ጀርመን ከ1፣ ካናዳና ፈረንሳይ እያንዳንዳቸው ከ600,000፣ ጃፓን ከ400,000 በታች። ድምሩ 10.8 ሚሊዮን ነው። ሽልማቶቹ በተሰጡበት ሰዓት እውነቱ በ8.4 እና በ10.8 መካከል ነበር ማለት ነው። 9 ሚሊዮን ያለሽ ሰው ከእኛ ጋር ነው። 18 ግን በጭራሽ።

ልጅ ከአላሙራ፣ 8፡14
አቋራጭ ልንገርሽ። የአንዱን ሀገር ይዘሽ ለሌሎቹ በሕዝብ ብዛት አባዢ። አሜሪካ የእንግሊዝን አምስት እጥፍ ናት። አለቀ።

ሂሳብ ሹም፣ 8፡18
አያልቅም ወንድሜ። የቤዛን አልበም ራሱን እይ። 6 ሚሊዮን ለ900,000፣ ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋል። የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የአዴልን «25» ደግሞ እይ። በ2015 በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ 3.38 ሚሊዮን፣ እንግሊዝ 800,307። አራት እጥፍ ናት፣ ሀገሯ ነዋ። ዘፋኝ በሀገሩ ይከብዳል። በሕዝብ ብዛት ካሰብንማ ሕንድና ቻይና ሁሉንም በበሉ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። 300,000 በ67 ሚሊዮን እንግሊዛዊ፣ 1 ሚሊዮን በ330 ሚሊዮን አሜሪካዊ። ከሺህ ሰው እንግሊዝ ውስጥ አራት ተኩል፣ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሰው መግዛት አለበት። ቁጥሩ ያነሰው ፕላቲነም ነው የከበደው።

ልጅ ከአላሙራ፣ 8፡20
ይሄን አላሰብኩትም። በሕዝብ ብዛት ግን ግምት እኮ ይሆናል።

የሱመዳዋ፣ 8፡24
ቤዛ፣ ለምን የራሳችንን አትጠይቂም? የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በ2017 በፈረንጅ የቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጥቷል። ካፌው በጭብጨባ ይናወጣል።

ጋሽ ካሴት፣ 8፡30
ልክ ነሽ ልጄ፣ ኩራታችን ነው። ግን አንደኛ መውጣት ቁጥር አይደለም። በዚያ ሳምንት፣ በዚያ ሰንጠረዥ፣ ከሌሎቹ በልጦ ተሸጠ ማለት ነው። ስንት እንደሆነ ደረጃው አይነግርሽም። ለእኛ ሀገር ሙዚቃ ደግሞ ፕላቲነም የሚሰፍር የለም። በእኔ ሱቅ አንድ ካሴት ተገዝቶ ሠፈር ሙሉ ያስቀዳው ነበር። ባዶ ካሴት ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ» ይሉኛል። ያ ሰው ሁሉ አድማጭ ነው። አንዱም አልተቆጠረም። ዘፋኞቻችን ስንት ልብ ውስጥ እንደገቡ የሚያሳይ ደብተር የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የሱመዳዋ፣ 8፡33
ጋሼ አስለቀሱኝ። የእኛም ቤት የአባቴ ካሴቶች በሙሉ የተቀዱ ነበሩ። ስማቸው በእስክሪፕቶ ነበር የተጻፈው።

ቤዛ ዘሐዋሳ፣ 8፡41
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግን 15 ሚሊዮን የሚለው ከየት መጣ? ዋናው ዳኛ ይዞት የሚመጣው እሱን ነው። ከአሳታሚው መግለጫ ነው ይላል።

ሂሳብ ሹም፣ 8፡47
አሳታሚ የሚለው ማስታወቂያ ነው። ተመርምሮ የተረጋገጠ አይደለም። ውሸት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከስድስቱ ሀገር ውጪ አውስትራሊያ አለች፣ ብራዚል አለች፣ ጣሊያን፣ ስፔን፣ ስዊድን አሉ። ለምሳሌ አውስትራሊያ አንድ ፕላቲነም 70,000 ነው። እነዚህ ተጨምረው ሚሊዮኖች ሊመጡ ይችላሉ። አሜሪካም ከ1999 በኋላ ሸጣለች። ግን 15 ለመድረስ ወረቀት ያስፈልጋል። የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» እንኳ እዪ። አሜሪካ ውስጥ 34 ፕላቲነም ነው፣ ይህ የተመረመረ ነው። የዓለሙን ግን ከ70 ሚሊዮን በታች የሚል አለ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚልም አለ። ዓለም አቀፉን ድምር አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ኖሮ አያውቅም።

ስለዚህ ባነሩ ላይ እንዲህ ጻፊ፦ «በስድስት ሀገራት በተረጋገጠ ሽልማት ቢያንስ 8.4 ሚሊዮን»። «ቢያንስ» የምትለዋን እንዳትተያት። «በስድስት ሀገራት» የሚለውንም። ዳኛው 15 ቢል እንኳ ካንቺ ጋር አይጣላም፣ ከ«ቢያንስ» በላይ ነውና። ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ለ8.4 የቀረበው ያሸንፍ። ጥያቄውን ስታነቢም «በስድስት ሀገራት» ብለሽ አንብቢ፤ አለዚያ 12 ብሎ የገመተ ቡድን በደል ይሰማዋል፣ እውነትም በደል ነው።

ዮኒ ቴክ፣ 8፡52
«ነምበር» አድርገሽ ሞከርሽው?

ቤዛ ዘሐዋሳ፣ 9፡20
ዲዛይነሩ እየቀየረልኝ ነው። «ቢያንስ በስድስት ሀገራት 8.4 ሚሊዮን» ቢሆን ችግር አለው? በአንድ መስመር እንዲገባለት ነው።

ሂሳብ ሹም፣ 9፡24
አለው! «ቢያንስ» ከቁጥሩ ፊት ትሁን። እንዳልሽው ከሆነ «ቢያንስ ስድስት ሀገር» ማለት ይሆናል። ሁለት መስመር ያድርገው፣ ፊደሉ ይነስ።

ሂሳብ ሹም፣ 9፡41
ቤዛ፣ አየሽው?

ማሂ አቶቴ፣ 9፡55
ስልኳ አይነሳም። ማተሚያ ቤት እየሮጠች ይሆናል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ አንብቤ መልሱን አወቅኩት፤ ለኅሊናዬ ስል የመጨረሻውን ዙር ለቡድኔ እተዋለሁ።

ጋሽ ካሴት፣ በማግስቱ 4፡15
ልጄ ቤዛ፣ ባነሩ ወጣልሽ? «ቢያንስ» ፊት ላይ ሆነች?