ለኢንተርንሺፕ ማስታወቂያ ድርጅት ይሻለኛል ወይስ ማተሚያ ቤት?

ጠያቂ፦ ሦስተኛ_ዓመቷ
ሰላም ለሁላችሁ። የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ትምህርት ክፍላችን የትብብር ደብዳቤ ጽፎ ለሁለት ወር የሥራ ልምምድ ውጡ ብሎናል፤ ቦታ ማፈላለጉ ግን የራሳችን ዕዳ ነው። ስዞር ከርሜ ሁለት ቦታ እሺ አሉኝ።

አንዱ ቦሌ ያለ ማስታወቂያ ድርጅት ነው። ቢሮው ያምራል፣ ስሙም ይታወቃል። ምን እንደምሠራ ስጠይቅ «ሶሻል ሚዲያ ላይ ታግዢናለሽ» ብቻ አሉኝ። ሌላው ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ነው። ጫጫታው ሌላ፣ የቀለሙ ሽታ ሌላ። ባለቤቱ ደብዳቤውን ሳይጨርሱት «ነገ ነይ» አሉኝ። ደመወዝ ሁለቱም የላቸውም፤ ማተሚያ ቤቱ የትራንስፖርት ይችለኛል።

ጓደኞቼ እየሳቁብኝ ነው። አባቴማ «የሠርግ ካርድ ልትሠሪ ነው ያስተማርኩሽ?» አለኝ። እስከ ዓርብ መወሰን አለብኝ። የምሠራውን ሥራስ ፖርትፎሊዮዬ (ለቀጣሪ የማሳየው የሥራ ስብስቤ) ውስጥ ማስገባት እችላለሁ?

ናቲ_ዲዛይን፦
ምን ያጠያይቃል፣ ቦሌ ግቢ። ሲቪ ላይ ስም ነው የሚታየው።

የቀድሞ_ኢንተርን፦
ናቲ፣ እኔም እንዳንተ አስቤ ነበር። ስሙን የማልጠራው ትልቅ ድርጅት ገባሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከአንዲት ዲዛይነር ጀርባ ተቀምጬ ስክሪኗን አየሁ። እሷም ጊዜ የላት፣ ሁሌ «ክላየንት እየጠበቀ ነው» ናት። ከዚያ በኋላ ሥራዬ የበዓል ፖስት ሆነ፤ ያለፈው ዓመት ፋይል ይከፈታል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል፣ ይቀመጣል። አንድ ቀን ለስብሰባ ማኪያቶ አምጪ ተባልኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማኪያቶ ኃላፊ ሆንኩ ማለት ይቻላል።

ጥፋቱ ግን የእነሱ ብቻ አልነበረም፣ እኔም ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከእኔ በኋላ የገባ አንድ ልጅ ደንበኛው የላከውን ብሪፍ (የሚፈልገውን ሥራ የሚገልጽበትን ወረቀት) እየለመነ ወስዶ ማታ ማታ የራሱን አማራጭ ይሠራ ነበር። ጠዋት ዲዛይነሯ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ አጠገቧ አስቀምጦ «የኔስ የት ጋ ነው የሳተው?» ይላታል። በወሩ አንዱን ሥራውን ተቀበሉት።

እቱ፣ ከመግባትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የሚያየኝ ሰው ማነው? ያለፈው ኢንተርን ምን ሠርቶ ወጣ? ለሁለተኛው መልስ ካጡ በቃ፣ ገብቶሻል።

ፕሌት_ክፍል፦
እኔ ማተሚያ ቤት ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ለማን እንደማዳላ አይጠፋሽም። ቢሆንም ስሚኝ ልጄ።

ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ልጆች ዲዛይናቸው ስክሪን ላይ ያማረ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ማሽን ላይ ሲወጣ ነው። ኤፎር በራሪ ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር አድርገው፣ መደቡን ቀለም ሞልተው ልክ ጠርዙ ላይ ያቆሙታል። የቆረጣው ቢላ ግን በጥቂቱ መሳቱ አይቀርም፤ ያኔ በአንዱ ጎን ነጭ መስመር ብቅ ይላል። በአራቱም አቅጣጫ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተትቶ ፋይሉ 216 በ303 ሆኖ መምጣት ነበረበት። ስክሪን ላይ ደማቅ የነበረው ሰማያዊ ደግሞ ወደ አራቱ የኅትመት ቀለሞች ሲለወጥ ወደ ወይን ጠጅ ያደላና ደንበኛው «ቀለሜን ቀየራችሁት» ብሎ ይጮሃል።

የእኛ ፊደል ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለያቸው አንዲት ጭረት ናት፤ አንዷ ከወገብ፣ አንዷ ከግርጌ። ደቃቅ ጽሑፍ በአራት ቀለም ድብልቅ ጥቁር ከታተመ፣ ፕሌቶቹ (ለእያንዳንዱ ቀለም ማሽኑ ላይ የሚታሰሩት ሰሌዳዎች) በፀጉር ያህል ሲዛነፉ ያቺ ጭረት ትደበዝዛለች። ስለዚህ ደቃቅ ጽሑፍ ሁልጊዜ በጥቁር ፕሌት ብቻ ይሁን። አራት ነጥብ ደግሞ ራሱን የቻለ ምልክት (።) እያለው ሁለት ሁለት ነጥብ (፡፡) ደርድረው ይጽፉታል፤ መስመሩ ሲሞላ አንዱ ከላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። በፓወር ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ የድሮ ፋይል መጥቶ ፎንቱ ከሌለ ደግሞ ፊደሉ በሙሉ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆንብሻል። መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔትም ገጹ ለ4 መካፈል እንዳለበት ሳያውቅ 30 ገጽ ሠርቶ የመጣ ስንቱን አይቻለሁ።

ይህን መምህርም ሊነግርሽ ይችላል። ግን 1,000 ኮፒ ተበላሽቶ፣ ወረቀቱ በማን ይታሰብ የሚለው ጭቅጭቅ መሃል የቆመ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

ክፉ ጎኑንም ልንገርሽ። ብዙ ማተሚያ ቤት ኢንተርንን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ሁለት ወር ሙሉ ቢዝነስ ካርድ ላይ ስልክ ቁጥር ያስቀይራል። ስለዚህ ባለቤቱን ገና ከመጀመሪያው «ፕሌት፣ ማሽን፣ ጥረዛ፣ ሁሉ ጋ ልዙር» በያቸው። የማስታወቂያ ሐሳብ ማፍለቅን ደግሞ እኛ ዘንድ አትማሪም፤ እሱ የእነ ቦሌ ነው። ማሽን ክፍል ስትገቢ ሻሽሽን ጠበቅ፣ ጫማሽን ሽፍን አድርጊ፤ ይህን እንደ ቀልድ እንዳታዪው።

መምህሩ፦
የፕሌት ክፍሉ ወንድማችን ሁሉን ብሎታል። እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር። ሎግቡክሽን (የዕለት ሥራ መመዝገቢያሽን) በየቀኑ ሙዪ፤ «ዲዛይን ሠራሁ» ሳይሆን ምን እንደሠራሽ፣ ምን እንደተበላሸና እንዴት እንደታረመ ጻፊ። በየሳምንቱ አስፈርሚ። የግምገማ ቅጹን ለመጨረሻው ቀን አታቆዪ፤ ፈራሚው መስክ ይወጣል፣ ማህተም ያዡ ፈቃድ ትሆናለች፣ ተማሪው ውጤት ሳይኖረው ይቀራል። በየዓመቱ የማየው ነገር ነው።

ስለ ፖርትፎሊዮ፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጣሪ በሥራው ላይ የሚያወጣው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። የሥራው አመንጪ ነኝ የማለት መብት ግን ከሠሪው ጋር ይቀራል። ኢንተርን ብዙ ጊዜ ውል የለውም፤ ስለዚህ ለክርክር በር አትክፈቺ። ስትገቢ በቴሌግራምም ቢሆን «የተሳተፍኩበትን ሥራ ለትምህርትና ለፖርትፎሊዮ ላሳይ?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን አስቀምጪ። ገና ገበያ ያልወጣ ሥራ አታሳዪ። በቡድን የተሠራ ከሆነ የትኛው ክፍል ያንቺ እንደሆነ ጻፊበት፤ ሎጎውን ሳትሠሪ ሎጎውን የሠራሽ አታስመስዪ። ከተማው ጠባብ ነው፣ ቀጣሪዎች ይደዋወላሉ።

ካሜራ_ልጅ፦
ይቅርታ መሃል ገባሁ። እኔ የፊልም ተማሪ ነኝ፤ ያገኘሁት የሠርግ ቪዲዮ ቤት ብቻ ነው። ይጠቅመኛል?

የቀድሞ_ኢንተርን፦
ግባ! ሠርግ ላይ «እንደገና እንቅረጽ» የሚባል ነገር የለም፤ ቀለበቱ አንዴ ነው የሚደረገው። ባትሪና ሜሞሪ ካርድ መያዝን እንደዚያ የሚያስተምር የለም። ኤዲቲንግ ላይ ግን ራስህ ካልጠየቅህ ገመድ ስትጠቀልል ትከርማለህ።

ሦስተኛ_ዓመቷ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ቦሌ ደውዬ ሁለቱን ጥያቄዎች ጠየቅኩ። «ስትመጪ እናያለን» አሉኝ። ማተሚያ ቤቱ ግን የሚያየኝን ሰው በስም ነገሩኝ፣ መዞሩንም ፈቀዱ። ሰኞ እጀምራለሁ። ናቲ፣ አትቀየመኝ።

ሦስተኛ_ዓመቷ፦ (ከአራት ሳምንት በኋላ)
እንዴት ከረማችሁ? ሁለት ሳምንት ስልክ ቁጥር ቀየርኩ፤ ጋሼ እንዳሉት። አስታወስኳቸውና ጥረዛ ክፍል ላኩኝ፤ እጄ በወረቀት ጠርዝ ተቆራርጦ አለቀ። አሁን ፕሌት ክፍል ነኝ።

ትናንት 500 የሠርግ ካርድ ፕሌት ሊወጣለት ሲል ካሌንደር አየሁ። ካርዱ እሑድ ይላል፤ ቀኑ ግን ሰኞ ነው የሚውለው። የሙሽራው ወንድም ከአውሮፓ ካሌንደር ሲገለብጥ በአንድ ቀን ስቶ ነው። ደወልንለት፤ ከምስጋናው ብዛት የምንለው ጠፋን። ዋናው ዲዛይነር ከዚያ ወዲህ የሚወጣ ፋይል ሁሉ «መጀመሪያ እሷ ትየው» ይላል። ፖርትፎሊዮ ውስጥ እንዴት እንደማስገባው ግን አላውቅም፣ የሚታይ ነገር የለው።

መምህሩ፦
ሎግቡክሽ ላይ ከነቀኑ ጻፊው። የግምገማ ቅጹ ላይም ዲዛይነሩ በራሱ እጅ እንዲጽፈው ጠይቂው። ለእኔ ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

ሦስተኛ_ዓመቷ፦
እሺ መምህር። ደግሞ አባቴ ማታ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ለዕድራችን የደረሰኝ ፓድ እናንተ ጋ ስንት ነው?»

ፕሌት_ክፍል፦
ኦሪጅናሉ ስንት ኮፒ እንደሚኖረው፣ አንዱ ፓድ ስንት ቅጠል እንደሆነ ጠይቂያቸው። ያለፈው ፓድ ተራ ቁጥሩ ስንት ላይ እንደቆመም እንዳትረሺ፤ ከ1 ከጀመራችሁባቸው የዕድሩ ሒሳብ ያዥ እናንተ ደጅ ነው የሚያድሩት።