የዘረት ዋሻና የመንዝ ጉብታዎች ሰነዳ፦ የጋራ ዕቅድ ረቂቅ ውይይት

ጸሐፊው፦ ሁለተኛው ረቂቅ ተልኳል። በአንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ይዟል። አንደኛው በሰሜን ሸዋ ያለው የዘረት አመፀኛ ዋሻ ነው፤ የጣሊያን ጦር በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ መጀመሪያ እዚያ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ የፈጀበት ቦታ። ሁለተኛው የመንዝ ጥንታዊ የድንጋይ ጉብታ መቃብሮች ናቸው። አንቀጽ 4 «ዐፅሙ ተሰብስቦ በክብር ይረፍ፣ በዋሻው አፍ ሐውልት ይቁም» ይላል። እዚህ ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

የቅርስ ባለሙያዋ፦ አንቀጽ 4 እንዲህ እንዳለ ከሄደ ፈቃድ አናገኝም፤ ባናገኝም ደግ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፣ ዐፅም ማንሳትም ከዚያ አይለይም። ከሕጉ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። በዚያ ዋሻ ጎተራ፣ ምድጃና የሸክላ ስብርባሪ አለ፤ ዐፅሙ ከምድጃው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ከማን አጠገብ እንደወደቀ የሚናገረው በቦታው ሲሆን ብቻ ነው። ወደ ሣጥን ከገባ በኋላ ዝም ይላል። ስለዚህ «መሰብሰብ» የሚለው ወጥቶ «ባለበት መመዝገብ» ይግባ። የቅርስ ባለሥልጣንና የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ ሳይደርሰን ማንም አይንቀሳቀስ።

የመንዙ አባል፦ እትዬ፣ ልክ ነዎት። ግን ዘመድ ያላቸው ሰዎች «አጥንቱን ለውሻ ተዋችሁት» ይሉናል። ቢያንስ ከደብሩ ካህናት ጋር ተነጋግረን ፍትሐት ይደረግ። ሐውልቱም ከዋሻው አፍ ራቅ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር ይሁን።

የቅርስ ባለሙያዋ፦ ፍትሐቱ ይሁን፣ ከዋሻው ውጭ ሆኖ። ጧፍና ዕጣን ግን ውስጥ አይግባ፤ ጥቀርሻው ግድግዳውን ያበላሻል፣ በኋላ የዘመኑን ጭስ ከዛሬው መለየት ይቸግራል።

የጤና ባለሙያው፦ ረቂቁ ስለ ጋዙ አንድ መስመር ብቻ አለው፤ አይበቃም። ጣሊያኖች የተጠቀሙት ኢፔሪት (የሰናፍጭ ጋዝ) እና አርሲን (አርሴኒክ ያለበት መርዝ) ነበር። ኢፔሪት ከ14 ዲግሪ በታች ይረጋል፣ በጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይተናል። አርሲን ደግሞ ሲበሰብስ አርሴኒኩን ጥሎ ይሄዳል፣ አርሴኒክ ንጥረ ነገር ስለሆነ ዘመን አይፈጀውም። ጥንቃቄው ከአየሩ ይልቅ በአፈሩ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ኤን-95 ጭምብል፣ ሁለት ጥንድ የናይትራይል ጓንት፣ ውስጥ ምግብም ውኃም ክልክል፣ ሲወጣ ጫማ ተጠርጎ ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይቀራል። የሌሊት ወፍ ኩስ ያለበት ዋሻ ያለ ጭምብል አይገባም፣ ጋዝ ባይኖርም እንኳ። መብራት በነፍስ ወከፍ ሦስት።

የካርታ ሰው፦ በዋሻው ስለሚገኝ የጥይት ቀለሃ ልጨምር። 6.5 ሚሊ ሜትር የካርካኖ ጠመንጃ ቀለሃ ከሆነ የጣሊያን ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር የሆነው ዉጅግራ የሚባለው የድሮ ጠመንጃ ሊሆን ይችላል። የቀለሃው ቂጥ ላይ ያለው ምልክት የፋብሪካና የዓመተ ምሕረት ነውና በቅርብ ይነሳ፣ ቀለሃው ግን ካለበት አይንቀሳቀስ። ቀይ ቀለም የተቀባ ትንሽ ቆርቆሮ የመሰለ ነገር ያየ ሰው ግን ለፎቶም አይቅረብ፤ የጣሊያን የእጅ ቦምብ ያንን ይመስላል። ባንዲራ ራቅ አድርጎ ተክሎ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ፖሊስ።

ፎቶግራሜትሪውን፣ ማለትም ከብዙ ፎቶ የዋሻውን ቅርጽ በኮምፒውተር መሥራቱን በተመለከተ፣ መብራቱን ከካሜራው ጋር ይዞ መዞር የተለመደ ስሕተት ነው። ጥላው ከያንዳንዱ ፎቶ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ሶፍትዌሩ ነጥቦቹን አያገጣጥምም። መብራቶቹ በመቆሚያ ላይ ይቁሙ፣ ፎቶዎቹ ሰባ በመቶ ይደራረቡ፣ በየክፍሉ የ1 ሜትር ልኬት ዘንግ ሁለት ይቀመጥ። የቦታውን መጋጠሚያ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት የልኬት መሠረት፣ በደብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን እንጽፋለን። የድሮው 1፡50,000 ካርታ አዲንዳን በሚባለው በሌላ የልኬት መሠረት ነው፤ ካልተለወጠ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። በመንዝ ገደል ላይ 200 ሜትር ሌላ ቀበሌ ነው።

ጸሐፊው፦ ጉብታዎቹስ? ሰው «የግራኝ ሥራ» እያለ ነው የሚያወራው።

የቅርስ ባለሙያዋ፦ ግራኝ የ16ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው፤ ተመራማሪዎች «የሻይ ባህል» ብለው የሰየሙት የእነዚህ መቃብሮች ዘመን ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ነው። በውስጣቸው በድንጋይ የተገነባ ክፍል፣ በአንድ መቃብር ብዙ ሰው፣ ከሩቅ ንግድ የመጣ የመስታወት ዶቃ ተገኝቷል። ክርስቲያንም እስላምም አልነበሩም፤ በይፋትና በክርስቲያኑ መንግሥት መካከል የኖሩ ናቸው፣ ስማቸው ማን እንደነበረ ግን የጻፈልን የለም። ወርቅ ፈላጊ እየቆፈረ ያፈረሰው ስላለ ዝርዝሩንና መጋጠሚያውን ለሕዝብ አናወጣም፤ ለባለሥልጣኑ ብቻ። ጉብታው ገብስ ታጭዶ ሣር ሲደርቅ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች ይታያል፤ ዝቅተኛው ጉብታ በቀትር ይሰወራል። ውርጩ ባትሪ ስለሚበላ ባትሪ በደረት ኪስ ይያዝ።

ገንዘብ ያዡ፦ ይህ ሁሉ ደግ። እኔ ግን ለሐውልቱ የተመደበው ገንዘብ ለስም ምዝገባ ይዙር እላለሁ። ሐውልቱ ይቆያል፤ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አይቆዩም።

የመንዙ አባል፦ እደግፋለሁ፣ ጋሼ፤ ቅጹ ግን ይታረም። «ስም፣ የአባት ስም» ብቻ ከሆነ አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። በቤቱ አንድ ስም፣ በተዝካር ስመ ክርስትናው፣ በጦር ሜዳ የፈረስ ስሙ ነው የሚነሳው። ስለዚህ አምዶቹ፦ የዓለም ስም፣ አባት፣ አያት፣ ስመ ክርስትና፣ የፈረስ ስም፣ አጥቢያ፣ የነገረው ሰው ዝምድና። ዓመቱን እንዳለ ይጻፍ፣ «ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ፋሲካ» ቢሉም እንኳ። ዘመኑን በኋላ እናሰላለን።

የካርታ ሰው፦ የጣሊያን ሰነድ «ዓመት 17» ቢል የፋሽስት ዘመን ነው፤ ከጥቅምት 1938 እስከ ጥቅምት 1939፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። የኛን 1931 ከዚያ ጋር ሳያመሳክሩ ያዛመዱ ብዙ ናቸው።

ጸሐፊው፦ በሐውልቱ ፋንታ በመንገድ ዳር በሚቆመው ሰሌዳ ላይ የሟቾች ቁጥር ይጻፍ?

የቅርስ ባለሙያዋ፦ አይጻፍ። ደብረ ሊባኖስን እዩ፤ በግንቦት 1929 የጣሊያኑ ግራዚያኒ በቴሌግራሙ 297 መነኮሳት ተገደሉ አለ፣ በኋላ የተደረገው ጥናት ቁጥሩን በብዙ እጥፍ አሳደገው። ገዳዩ የቆጠረውን ቁጥር በድንጋይ ላይ ቀርጸን አንትከል። ስሙ የተረጋገጠው ይጻፍ፣ ሰሌዳው ግርጌ ላይ ለሚጨመር ስም ባዶ ቦታ ይተው።

ጸሐፊው፦ ተስማምተናል። አንቀጽ 4 ተሰርዟል፣ ስም ምዝገባው ወደ አንቀጽ 1 ወጥቷል። ሰሌዳው ከብረት ይሁን ከድንጋይ የሚለው ብቻ ቀርቷል፤ ብረቱ ተነቅሎ ይሸጣል፣ ድንጋዩ ጫን ያለ ነው።

ገንዘብ ያዡ፦ ድንጋይ።