ክርክር፦ ሙዚየም የሽርሽር ቦታ ነው ወይስ መማሪያ ክፍል?

የሥዕል መምህርት (ክርክሩን የከፈተችው)፦

እንዴት ዋላችሁ ጅማዎች? ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ ላውጣው። የክወናና እይታ ጥበባት አስተምራለሁ። ስለ ቀለም፣ ስለ ቅርጽ፣ ስለ ሚዛን። መሣሪያዬ ነጭ ጠመኔ ነው። ቀይና ቢጫ ሲገናኙ ምን እንደሚወጣቸው የማስረዳው በነጭ ጠመኔ ነው። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ በትክክል ይመልሳሉ። አይተውት ግን አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ልጆቹን ይዘን ሙዚየም ሄድን። ሁለት ክፍል አንድ ላይ፣ ከመቶ የሚበልጥ ልጅ። በሰልፍ ገቡ፣ በሰልፍ ወጡ። ከኋላ የነበሩት ከፊታቸው ካለው ልጅ ጭንቅላት በቀር ያዩት ነገር የለም። ቆም ያለ ልጅ «ቀጥል፣ ቀጥል» ይባላል። አንዷ ተማሪዬ አንድ የተጠረበ ወንበር ፊት ቆማ «ቲቸር፣ ምስማሩ የት አለ?» አለችኝ። ሳልመልስላት ሰልፉ ገፋን። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዓመቱን ሙሉ ከተጠየቅኩት ሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነበር።

እና ጥያቄዬ ይኸው። የጅማ ትምህርት ቤቶች ሙዚየምን በትምህርት ሰዓት፣ በፕሮግራም ተይዞ፣ እንደ መማሪያ ክፍል ይጠቀሙበት? እኔ አዎ እላለሁ። አንድ ክፍል ብቻ ይሂድ። አንድ ዕቃ ፊት ይቀመጥ። ክፍለ ጊዜው እዚያው ይለቅ። የሚቃወም ካለ በግልጽ ይናገር።

የኬሚስትሪ መምህር፦

እኔ እቃወማለሁ። እህቴ፣ ልፋትሽን አውቃለሁ። ግን ያለንበትን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ተሻለ ተብሎ 5.4። ቤቱ እየተቃጠለ ነው። እኔ ቲትሬሽንን፣ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ መጠን የሚለኩበትን ሙከራ፣ በቃል ነው የማስተምረው። ቡሬት፣ ማለትም የሚያንጠባጥበውን የመስታወት ቱቦ፣ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆችን ነው ለማትሪክ የማዘጋጀው። ትርፍ ሰዓትና ትርፍ ብር ከተገኘ መጀመሪያ ቤተ ሙከራ ይሟላ።

እናት ከሂርማታ ሰፈር፦

እኔ ደግሞ ወጪውን ነው የምፈራው። «የትምህርት ጉብኝት» በተባለ ቁጥር ልጄ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ የትራንስፖርት፣ የምሳ፣ የቲሸርት። የሌለው ልጅ ያን ቀን ቤት ይቀራል። በማግስቱ ጓደኞቹ ስላዩት ሲያወሩ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ትምህርት ከሆነ ሁሉም ይሂድ፤ ካልሆነም ይቅር።

የሥዕል መምህርት፦

እናቴ፣ ይህ ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። ከተማው ውስጥ ላለው ሙዚየም በእግር ነው የምንሄደው፤ ከማንም ቤት ብር አይጠየቅም። ይህ ካልተሟላ እኔ ራሴ አልደግፈውም።

ወንድሜ ኬሚስትሪ፣ አንተ ቡሬት የለህም፣ እኔ ቀለም የለኝም። በሽታችን አንድ ነው። ሁለታችንም ያልታየ ነገር ነው የምናስሸመድደው። እኔ የምለው፣ ቢያንስ በጃችን ያለውን እንጠቀምበት። ቤተ ሙከራ ለመሥራት በጀት ይፈልጋል። ሙዚየሙ ግን ተሠርቶ ቆሟል።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላጥራ። ጅማ ያለው የታሪክ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች ናቸው ዋናው ስብስቡ። ጅሬን ላይ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ቤተ መንግሥታቸው አለ። ሁለቱም ትልቅ ቅርስ ናቸው። የጥበብ ሙዚየም ስትሉ ግን ያለው አዲስ አበባ ነው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል። 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው።

በአስተማሪነት ዘመኔ አንዴ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ የመግባት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተሠራ ነው፤ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ከዚያ በፊት በመጽሐፍ ላይ አይቼው ነበር፤ የጣት ስፋት ያህል ሆኖ። ፊቱ ስቆም ብርሃኑ ልብሴ ላይ ቀለም ሆኖ ወረደ። ያኔ ገባኝ፣ ለሃያ ዓመት ለተማሪዎቼ ያሳየሁት ሥዕሉን አልነበረም። ስለዚህ ልጆቹን እውነተኛ ሥዕል ፊት አቁሙ ከሆነ ነገሩ፣ በግማሽ አይሁን። ወይ አዲስ አበባ ይሂዱ፣ ወይ ሌላ ስም ስጡት።

ካምፓስ ነኝ፦

ጋሼ፣ በመስታወቱ እስማማለሁ። ግን አዲስ አበባ እስክንሄድ የሚቀሩት ልጆች ብዙ ናቸው።

አንድ ጥናት ላንሳ። አሜሪካ፣ አርካንሶ ውስጥ ክሪስታል ብሪጅስ የሚባል የጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ። ለመጎብኘት ያመለከቱ ትምህርት ቤቶች ከአቅሙ በላይ ሆኑ። በዕጣ ተለዩ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህችን ዕጣ ተጠቀሙባት፤ የሄዱትንና ተራ የሚጠብቁትን አነጻጸሩ። 11 ሺህ ገደማ ተማሪ፣ 123 ትምህርት ቤት። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ልጆቹ አምስት ያህል ሥዕል ብቻ እያዩ ይወያያሉ። ከሳምንታት በኋላ ሲጠየቁ የሄዱት አዲስ ሥዕል ሲሰጣቸው አስተውለው፣ ምክንያት ጠቅሰው በመጻፍ በለጡ። ልዩነቱ ይበልጥ የጎላው ደግሞ ከገጠርና ከድሃ ትምህርት ቤት በመጡት ላይ ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ነው። አንዱ ሥዕል ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ከሜፕል ዛፍ ስኳር ሲያወጡ ያሳያል። የሸንኮራ ስኳር በባሪያ ጉልበት ስለሚመረት፣ ያንን ገበያ ለማዳከም ነው። ከሄዱት 88 በመቶው ይህን ከሳምንታት በኋላም ያስታውሱ ነበር። ትፈተናላችሁ ያላቸው የለም፣ ማንም አላስሸመደዳቸውም።

የኬሚስትሪ መምህር፦

ጥናቱን አልክድም። የቀረውን ግን እኔ ልጨምር። ያ ሙዚየም የተመሠረተው በአሊስ ዋልተን ነው፤ ዋልማርት የተባለው ግዙፍ የሱቆች ድርጅት ባለቤቶች ቤተሰብ ናት። አውቶቡሱን፣ ምሳውን፣ በአስተማሪው ቦታ የሚተካውን መምህር ሳይቀር ሙዚየሙ ይከፍላል። እዚህ የሚከፍለው ማነው? አንድ ክፍል ስልሳ ልጅ ነው። አንቺ ስልሳውን ይዘሽ ስትወጪ ቀሪዎቹን ክፍሎችሽን ማን ይይዝልሻል? ዳይሬክተሩ «እሺ» ቢልሽም፣ ያን ቀን የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

የሥዕል መምህርት፦

እውነት ነው። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ስልሳ ልጅ አንድ ወንበር ዙሪያ አይቀመጥም። ለሁለት መክፈል አለብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ሁለተኛ መምህር ያስፈልገኛል። ስለ ሰው እጥረት የምትለው ከገንዘቡ ይበልጥ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር ግን ላስጨብጥህ። አርካንሶ ላይ የሠራው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አምስት ሥዕል ብቻ ማየታቸው ነው። ቆም ማለታቸው። የኒውዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምን የትምህርት ክፍል ይመራ የነበረው ፊሊፕ የናዊን ከአቢጌል ሃውዘን ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ዘዴ አለ፤ በሦስት ጥያቄ ብቻ። «እዚህ ሥዕል ላይ ምን እየሆነ ነው?» «ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?» «ሌላስ ምን እናገኛለን?» መምህሩ መልስ አይሰጥም። የተባለውን ደግሞ ያጠራዋል፣ ከሌላው ልጅ ሐሳብ ጋር ያገናኘዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው። «ምን አይተህ ነው?» ይህ እኮ የአንተ ኬሚስትሪም ጥያቄ ነው። ቀለሙ ተለወጠ ያለውን ልጅ አንተም «ምን አይተህ?» ነው የምትለው።

የመንቲናው ሒሳብ፦

የሒሳብ መምህር ነኝ። እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው፣ ግን ስለ ወንበሩ ስትሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። የጅማን በርጩማ አያችሁት? ሦስት እግር ነው። ለምን ሦስት? ጎርባጣ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ አይወላገድም። አራት እግር ያለው ወንበር ግን ይነቃነቃል፤ ከአንዱ እግር ሥር ወረቀት አጣጥፈን የምንከተው ለዚህ ነው። በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ጠለል፣ ማለትም አንድ ዝርግ ገጽ፣ ላይ ይውላሉ። አራተኛው ሲጨመር ይህ ዋስትና የለም። ይህን ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል፣ ግማሹ ክፍል አይገባውም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ለመወዛወዝ የሞከረ ልጅ ግን በሁለት ደቂቃ ይዘዋል።

የጠራቢዎቹ አያቶች ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። የቤታቸው ወለል አፈር ነበር። ጋሼ «የታሪክ ሙዚየም ነው» አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ያ በርጩማ ጥበብም፣ ሒሳብም ነው።

አባወራ ከቆጪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የማነሳው ሌላ ነው። ልጆቼ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ቁርአን ቤት ናቸው። ሥዕል ስትሉ የሰውና የእንስሳ ምስል ከሆነ እኔም ጎረቤቶቼም ደስ አይለንም። ትምህርት ጠልተን አይደለም። ሳንጠየቅ ልጃችን እንዲወሰድ ስለማንፈልግ ነው። ይህን የሚያነሳ ሰው ኋላ ቀር ተብሎ ሲታለፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

የሥዕል መምህርት፦

ጋሼ፣ ስላነሱት አመሰግናለሁ። ማንም ልጅ ቤተሰቡ ሳያውቅ አይሄድም። ምን እንደምናይ አስቀድሜ ጽፌ እልካለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ የጅማ የእንጨት ሥራ ላይ ያለው ጌጥ መስመርና ቅርጽ ነው። የኢስላም ጥበብም ዋና መንገዱ ጂኦሜትሪና የፊደል ጽሕፈት ነው። ካይሮ ያለው የእስልምና ጥበብ ሙዚየም አሁን ባለበት ሕንፃ ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ስለ ሚዛንና ስለ ድግግሞሽ ለማስተማር ከዚያ የተሻለ ነገር አላውቅም። ቢመቸዎት እርስዎም አብረውን ይምጡ። ሁለተኛ ሰው እፈልጋለሁ ብዬ የለ።

አባወራ ከቆጪ፦

እንዲህ ከሆነ እንነጋገራለን። ግን ደብዳቤው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን። ባለቤቴ የምታነበው በአፋን ኦሮሞ ነው።

ጠራቢው፦

ሁሉን አነበብኩ። እንጨት ነው የምሠራው፤ ከአባቴ ነው የተማርኩት። ሁላችሁም ስለ ሙዚየም ታወራላችሁ፣ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ሙዚየም ያለው በርጩማ ማንም አይቀመጥበትም። አይነካም። ልጅ ደግሞ በእጁ ካልነካ አያምንም። እኔ ጋ ቢመጡ ፍቅፋቂው እግራቸው ሥር ሲወድቅ ያያሉ፣ እርጥብ ዋንዛ እንዴት እንደሚሸት ያውቃሉ።

ያቺ ልጅ «ምስማሩ የት አለ?» ያለችው ልክ ናት። የለም። ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። እግሩም መቀመጫውም አንድ እንጨት ነው፤ አይገጠምም፣ አይጣበቅም። የሚቀረውን አስቀርተህ ሌላውን ታነሳለህ። አንዴ በመሮ ከሳትክ መመለሻ የለውም። እንጨቱ ሳይደርቅ ነው የሚጠረበው፣ ለመሮ እሺ ስለሚል። ከዚያ ጥላ ውስጥ በቀስታ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ካስቸኮልከው ይሰነጠቃል።

የኬሚስትሪ መምህር፦

ለምን እንደሚሰነጠቅ እኔ አውቃለሁ። ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ውኃውን ስለሚያጣ ነው። ውጪው ሲኮማተር ውስጡ ገና አልተኮማተረም፤ በሁለቱ መሀል ይቀደዳል።

አቋሜ ግን ያው ነው። የ12ኛ ክፍል ልጆቼን ከሰኔ በፊት ከክፍል አላወጣም። የታችኞቹን ክፍሎች ግን አልቃወምም። ያም ሆኖ የሰው እጥረቱን ሳትፈቺ አትጀምሪ።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦

ሰው አጣሁ ካልሽ እኔ አለሁ። ጡረታ ወጥቼ ቤት ነው የምውለው። ሠላሳ ልጅ መያዝ አላቃተኝም። የአዲስ አበባውን ሐሳቤን ግን አልተውኩም። አንድ ቀን እነዚያ ልጆች የመስታወቱ ፊት መቆም አለባቸው።

የሥዕል መምህርት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ እንዲህ ላድርግ። መጀመሪያ ልጆቹ ሙዚየም ያለውን ወንበር ፊቱ ቁጭ ብለው በእርሳስ ይሳሉት፣ ሦስቱን ጥያቄ እንጠይቅ። ምስማሩን ይፈልጉ። መልሱን አንነግራቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጠራቢው እንሂድና እሱ ያሳያቸው። ሒሳብ፣ አንተ ሁለተኛው ቀን ላይ ትመጣለህ? ሐሙስ ከሰዓት ክፍት ነኝ።

የመንቲናው ሒሳብ፦

እመጣለሁ። አራት እግር ያለውን የሚወላገድ ወንበር እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ስታፍ ውስጥ ሞልቷል።

ጠራቢው፦

ሐሙስ ገበያ ነው፣ አልገኝም። ማክሰኞ አምጡልኝ። ገና ያልተነካ ግንድ አስቀምጥላቸዋለሁ። የምስማሩን የጠየቀችዋን ልጅ ከፊት አስቀምጫት።